ከገበያ የወጣው የማቅለሽለሽ መድኃኒት፦ የቤንደክቲን የጉዳይ ጥናት

ጁን 9 ቀን 1983 የአሜሪካው መድኃኒት አምራች ሜሬል ዳው ቤንደክቲን የተባለውን ክኒን ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክኒኑ የሚታዘዘው በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ለሚመጣው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነበር። ከ1956 ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቶ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሴቶች እንደወሰዱት ይገመታል፤ በብዛት ይታዘዝ በነበረባቸው ዓመታት በአሜሪካ ከአራት ነፍሰ ጡሮች ቢያንስ አንዷ ትወስደው ነበር። ምርቱ ሲቆም ክልከላ ያወጣ የመንግሥት አካል አልነበረም፤ መድኃኒቱ ጽንስን እንደሚጎዳ ያረጋገጠ ጥናትም አልተገኘም ነበር። ኩባንያው ያቆመው የክሱ ብዛት፣ የጠበቆቹ ወጪና የኢንሹራንሱ ክፍያ መድኃኒቱን ከሚያስገኘው ትርፍ ጋር ሲተያይ የማያዋጣ ስላደረገው ነው። ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመታት ያህል በአሜሪካ ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ አንድም መድኃኒት ሳይኖር ቀረ።

ጉዳዩን በዝርዝር ለማቅረብ የተነሣሁት ስለ አንድ ሕመም ዋጋ የሚያስተምረው ብዙ ነገር ስላለ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚያጋጥም ሕመም የተለመደ ነው ከተባለ፣ ሴቷ ሳትታከም የምታሳልፈው ሥቃይ ከስሌቱ ይወጣል። የሚመዘነው መድኃኒቱ ሊያስከትል የሚችለው አደጋ ብቻ ይሆናል፤ ባለመታከም የሚመጣው ጉዳት በሚዛኑ ላይ ሳይወጣ ይቀራል። የቤንደክቲን ታሪክ ይህ የተዛባ ሚዛን ምን እንደሚያስከፍል በሆስፒታል መዝገብ ጭምር ያሳየ ጉዳይ ነው።

የሕመሙ ጠባይ

ከአሥር ነፍሰ ጡሮች ሰባቱ ያህል በመጀመሪያዎቹ ወራት ያጥወለውላቸዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን ያስመልሳቸዋል። ሕመሙ ባመዛኙ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምራል፣ በዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፣ ከ14ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ እየቀለለ ይሄዳል፤ ጥቂቶችን ግን እስከ ወሊድ ድረስ አይለቃቸውም። ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት የምትወጣ፣ የቡና መቁያ ጢስ ሲሸታት የሚያስመልሳት፣ አፏ በምራቅ እየተሞላ ቀኑን ሙሉ ስትተፋ የምትውል ሴት በየቤቱ አለች። ከመቶ እስከ ሦስት በሚደርሱት ላይ ሕመሙ እጅግ ይከፋል፦ ውኃ እንኳ በሆዳቸው አይረጋም፣ ከእርግዝናው በፊት ከነበራቸው ክብደት ከ5 በመቶ በላይ ይቀንሳሉ፣ የሰውነታቸው ጨውና ውኃ ይዛባል፣ ሆስፒታል መተኛትም ግድ ይሆንባቸዋል።

ይህ የከፋው ዓይነት ለረጅም ጊዜ በሴቷ አእምሮ ሲሳበብ ኖሯል። እርግዝናውን ስላልፈለገችው ነው፣ ወይም ትኩረት ለማግኘት ነው የሚል ማብራሪያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ተጽፏል። በዲሴምበር 2023 ማርሊና ፌይዞ፣ ስቲቨን ኦራሂሊና ባልደረቦቻቸው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት መልሱን በደም ውስጥ አሳየ። ጂዲኤፍ15 የተባለ ሆርሞን በእርግዝና ጊዜ በብዛት ከጽንሱ ወገን፣ በተለይም ከእንግዴ ልጁ እየመነጨ ወደ እናቲቱ ደም ይገባል፤ አንጎልም ሲደርስ የማስመለስ ስሜትን ይቀሰቅሳል። ከማርገዟ በፊት የዚህ ሆርሞን መጠን በደሟ ዝቅተኛ የነበረ ሴት ሰውነቷ ስላልለመደው ይበልጥ ትታመማለች። ማርሊና ፌይዞ ራሷ በዚህ ሕመም በ1999 ጽንስ ያጣች ተመራማሪ ናት፤ ጥያቄውን ከሃያ ዓመት በላይ ተከታትላ እዚህ ማድረሷን ሳስብ፣ የታማሚዋ ቃል ቀድሞ ቢታመን ኖሮ ስንት ጊዜ ይተርፍ እንደነበር ይታየኛል።

ክኒኑና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ፍርሃት

ቤንደክቲን መጀመሪያ ሲወጣ ሦስት ነገሮችን ይዞ ነበር፦ የአለርጂ መድኃኒት የሆነው ዶክሲላሚን፣ የሆድ ቁርጠት ማስታገሻው ዳይሳይክሎሚን፣ እንዲሁም ፓይሪዶክሲን ማለትም ቫይታሚን ቢ6፤ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ግራም። ዳይሳይክሎሚን ለማቅለሽለሹ የሚጨምረው ጥቅም እንደሌለ ስለታወቀ በ1976 ወጥቶ ክኒኑ በሁለቱ ብቻ ቀጠለ። በብሪታንያ ደቤንዶክስ ተብሎ ይሸጥ ነበር።

የመድኃኒቱን ዕጣ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የደረሰውን ታላቅ ጥፋት ማስታወስ ያስፈልጋል። ታሊዶማይድን የጀርመኑ ግሩነንታል ኩባንያ በኦክቶበር 1957 ለእንቅልፍና ለማረጋጊያ በማለት ለገበያ አቀረበው፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። ኖቬምበር 1961 በጀርመን ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በብዙ አገሮች ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናት፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጡ፣ እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ከባድ ጉድለት ይዘው ተወለዱ። አደጋውን ቀድመው ካሳወቁት መካከል ጀርመናዊው ሐኪም ቪዱኪንድ ሌንዝና አውስትራሊያዊው የማህፀን ሐኪም ዊሊያም ማክብራይድ ይገኙበታል።

በአሜሪካ ታሊዶማይድን ለመሸጥ በሴፕቴምበር 1960 ፈቃድ የጠየቀው ሪቻርድሰን-ሜሬል ነበር፤ ቤንደክቲንን የሚሠራው፣ በኋላ ሜሬል ዳው የተባለው ያው ኩባንያ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማመልከቻውን እንድትመረምር የተመደበችው ዶክተር ፍራንሲስ ኦልድሃም ኬልሲ የደኅንነት ማስረጃው አላረካትም፤ በተለይ በነርቭ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ማብራሪያ እየጠየቀች፣ ኩባንያው ደጋግሞ ቢወተውታትም ፈቃዱን ሳትሰጥ ቆየች። ኩባንያው ግን በሙከራ ስም ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ክኒን ከአንድ ሺህ ለሚበልጡ ሐኪሞች አስቀድሞ አከፋፍሎ ነበር። ይኸው ድርጅት ኤምኢአር/29 ለተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ያቀረበው የእንስሳት ሙከራ መረጃ የተዛባ ሆኖ በመገኘቱ መድኃኒቱ በ1962 ተሰብስቧል፤ የወሰዱት ሰዎች የዓይን ሞራን ጨምሮ ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ሕዝቡ ይህን ኩባንያ ሲጠረጥር ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህን ሳያነሡ የቤንደክቲንን ታሪክ የስግብግብ ጠበቆችና የፈሩ እናቶች ታሪክ አድርገው የሚያቀርቡ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሚዛናዊ አይመስለኝም። እምነቱን ያፈረሰው ኩባንያው ራሱ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን በኋላ የመጡት ሴቶች ሆኑ።

ጥርጣሬው እንዴት ተወለደ

የጉዳዩ እምብርት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ከመቶ ሕፃናት ሦስት ያህሉ ከባድ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ እናታቸው ምንም መድኃኒት ባትወስድም ይህ ቁጥር አይቀርም። አሁን 100,000 ነፍሰ ጡሮች አንድ ፍጹም ጉዳት የሌለው ክኒን ወሰዱ እንበል። ከእነዚህ ሴቶች 3,000 ያህሉ ጉድለት ያለበት ልጅ ይወልዳሉ፤ 3,000ዎቹም እናቶች በእርግዝናዬ ያን ክኒን ወስጄ ነበር ብለው በእውነት ይመሰክራሉ። ቤንደክቲንን የሚወስዱት ሴቶች ቁጥር በመቶ ሺዎች ሳይሆን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለነበር፣ በአጋጣሚ ብቻ የሚገጣጠመው ቁጥር ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጊዜውም ጥርጣሬውን ያጠናክራል። የሕፃኑ ልብ፣ እጅ፣ እግርና ከንፈር የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ነው፤ ማቅለሽለሹ የሚበረታውና ክኒኑ የሚወሰደውም በዚያው ጊዜ ነው። ልጇ እጁ ሳይሟላ የተወለደላት እናት ያን ወር መለስ ብላ ስታስብ ጎልቶ የሚታወሳት ያ ክኒን ነው። ታሊዶማይድን የሚያስታውስ ኅብረተሰብ ውስጥ፣ መድኃኒቱም ለተመሳሳይ ሕመም የታዘዘ፣ አምራቹም ያው ኩባንያ ሆኖ ሳለ፣ ያቺ እናት ክኒኑን መጠርጠሯ የሚያስወቅሳት አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ የሚፈታው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ክኒኑን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ሴቶች በብዛት ወስዶ የልጆቻቸውን ጤና ማነጻጸር።

ማነጻጸሩ ተሠርቷል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ የሰበሰበው የባለሙያዎች ጉባኤ በ1980 ማስረጃውን መርምሮ መድኃኒቱና የአካል ጉድለት መያያዛቸው አልታየም አለ። በ1994 የወጣ አንድ ግምገማ 16 የክትትል ጥናቶችንና 11 የጉዳተኛና የጤነኛ ንጽጽር ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝን፣ ክኒኑን የወሰዱት ሴቶች ልጆች ካልወሰዱት ልጆች የበለጠ ጉድለት እንዳልታየባቸው አገኘ፤ የአደጋው ንጽጽር 0.95 ነበር፣ 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ሲሆን።

በተቃራኒው ወገን ጎልቶ የተሰማው ድምፅ የዊሊያም ማክብራይድ ነበር። በታሊዶማይድ ዝናን ያተረፈው ይህ ሐኪም ደቤንዶክስም ጽንስ ያበላሻል በማለት በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከከሳሾች ወገን መሰከረ። ከዳይሳይክሎሚን ጋር ተቀራራቢ ባሕርይ ባለው ሃዮሲን በተባለ መድኃኒት ላይ በጥንቸሎች ያካሄደውን ሙከራም በ1982 አሳተመ። አብረውት የሠሩት ወጣት ተመራማሪዎች የታተመው ቁጥር ከሙከራው ውጤት ጋር እንደማይገጥም ተናገሩ፤ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ሬዲዮ ጋዜጠኛው ኖርማን ስዋን በ1987 ጉዳዩን ይፋ አወጣው፤ በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤም መረጃው ሆን ተብሎ መቀየሩን አረጋገጠ። ማክብራይድ በ1993 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ፣ በ1998 ተመለሰ። አንድ ጊዜ እውነትን የተናገረ ሰው ለሁለተኛው ቃሉ ማስረጃ እንዳይጠየቅ ዝናው ይከላከልለታል፤ የእርሱ ነገር ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል።

በፍርድ ቤት

የመጀመሪያው ክስ የተነሣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን በ1980 በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ለሕዝብ ዳኞች፣ ማለትም ከተራ ዜጎች ለተመረጡ ፈራጆች፣ ቀረበ፤ ውሳኔው ተሽሮ በድጋሚ ሲታይ ኩባንያው ረታ። ከዚያ በኋላ የተከፈቱት መዝገቦች ወደ 2,000 ገደማ ደረሱ። በ1985 ሲንሲናቲ ውስጥ ከ800 በላይ የሚሆኑ ክሶች ተጣምረው በአንድ ጥያቄ ብቻ ታዩ፦ መድኃኒቱ ጉድለት ያስከትላል ወይስ አያስከትልም? ሐዘኔታ ፍርዱን እንዳያዛባ በማለት ዳኛው ጉድለታቸው በዓይን የሚታይ ልጆች ችሎት እንዳይገቡ አዘዙ። ለሳይንሱ ጥያቄ የሚረዳ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ ለነዚያ ቤተሰቦች ግን ምን ያህል መራራ እንደነበር መገመት አያዳግትም። የሕዝብ ዳኞቹ መድኃኒቱ አያስከትልም አሉ። በሌሎች ችሎቶች ለከሳሾች ብዙ ሚሊዮን ዶላር የተፈረደባቸው ጊዜያት ቢኖሩም ባመዛኙ በይግባኝ ተሻሩ።

ከክሶቹ አንዱ፣ ዳውበርት በሜሬል ዳው ላይ ያቀረበው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጁን 28 ቀን 1993 ውሳኔ አገኘ። የኩባንያው ባለሙያ ከ130,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተቱ ከ30 በላይ የታተሙ ጥናቶችን መርምሬ አንድም ጉዳት አላገኘሁም ሲል፣ የከሳሾቹ ስምንት ባለሙያዎች የእንስሳት ሙከራን፣ የመድኃኒቱን ኬሚካዊ ቅርጽና የታተሙ ጥናቶችን እንደገና በማስላት ያገኙትን ውጤት ጠቀሱ። ዳኛ ሃሪ ብላክመን የጻፉት ውሳኔ የሳይንስ ምስክርነት ከመሰማቱ በፊት ዳኛው ራሱ ዘዴውን እንዲመረምር አዘዘ፦ ሐሳቡ ተፈትኗል ወይ? ሌሎች ባለሙያዎች ገምግመውታል ወይ? የስሕተቱ መጠን ይታወቃል ወይ? በዘርፉ ተቀባይነት አለው ወይ? በዚህ መመዘኛ ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሶ በ1995 እንደገና ለኩባንያው ተወሰነ። ዛሬ የዳውበርት መመዘኛ በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቀርብ የሳይንስ ምስክር ሁሉ የሚለካበት ነው፤ መነሻው የነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ መሆኑን የሚያስታውስ የሕግ ተማሪ ግን ብዙ አይመስለኝም።

ባዶው ዘመን

መድኃኒቱ ከገበያ መውጣቱ ማንም ሊያቅደው የማይችል የተፈጥሮ ሙከራ ሆነ። የቤንደክቲን ተጠቃሚዎች ቁጥር በ1950ዎቹ ከዜሮ ተነሥቶ በ1980 አካባቢ ከነፍሰ ጡሮች ከሲሶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከ1983 በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ወረደ። ክኒኑ ጉድለት የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ የጉድለቱ ቁጥር አብሮት በወረደ ነበር። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካን መዝገቦች ተከትሎ ሲያይ የአካል ጉድለት መጠን ምንም እንዳልተለወጠ አገኘ። በብርቱ ማስመለስ ሆስፒታል የሚገቡት ነፍሰ ጡሮች መጠን ግን ወደ እጥፍ አደገ።

ይህን እጥፍ ሰው አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። አንዲት ሴት ሆስፒታል ስትተኛ ደሞዟ ይቆረጣል፣ ቤት ያሉት ልጆች ያለ እናት ያድራሉ፣ በክንዷ መርፌ ተሰክቶ ይሰነብታል፤ አንዳንዷም ሌላ ልጅ ላለመውለድ ትወስናለች፣ ሌላዋ የፈለገችውን ጽንስ ለማቋረጥ ትገደዳለች። ሆስፒታል ሳይደርሱ እቤታቸው አልጋ ላይ የከረሙትን ማንም አልቆጠራቸውም። ለእነርሱ የከሰሰ ጠበቃም አልነበረም፤ መድኃኒት ባለማግኘት ለሚደርስ ጉዳት ማን ይከሰሳል?

ካናዳ ሌላ መንገድ ያዘች። በኩቤክ የሚገኘው ዱሼኔ የተባለ ኩባንያ ተመሳሳዩን ጥምር ዲክሌክቲን በሚል ስም መሸጡን ስላላቋረጠ የካናዳ ሐኪሞች ማዘዛቸውን ቀጠሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መላ የሚያውቁ አዋላጆችና ሐኪሞች ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የዶክሲላሚን የእንቅልፍ ክኒን ግማሽ አስቆርጠው ከቫይታሚን ቢ6 ጋር እንዲወስዱ ይመክሩ ነበር፤ የተከለከለ የሚመስለው መድኃኒት ሁለቱ ግማሾቹ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተለያይተው ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2004 ይህንኑ ጥምር የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ በመመሪያው አሰፈረ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩም ቤንደክቲን ከገበያ የወጣው በደኅንነት ወይም ባለመሥራት ምክንያት እንዳልሆነ በ1999 በይፋ አስታውቆ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ኩባንያ ደፍሮ እስኪያመለክት ብዙ ዓመት ፈጀ። ኤፕሪል 8 ቀን 2013 ዲክሌጂስ በሚል ስም ያው ጥምር፣ 10 ሚሊ ግራም ዶክሲላሚንና 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ቢ6፣ በአሜሪካ ተፈቀደ። በብሪታንያ በ2018 ዞንቪያ በሚል ስም ፈቃድ አገኘ።

መመለሱም ያለ ክርክር አልሆነም። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው ሙከራ ለ14 ቀናት የተካሄደ ሲሆን 260 በሚያህሉ ሴቶች ላይ ክኒኑን ፕላሴቦ ከሚባለው መድኃኒት አልባ ክኒን ጋር አወዳድሯል። ከ3 እስከ 15 በሚደርስ የሕመም መለኪያ ላይ ክኒኑን የወሰዱት 4.8 ነጥብ ሲሻላቸው ፕላሴቦ የወሰዱት 3.9 ነጥብ ተሻላቸው። የካናዳው ሐኪም ናቭ ፐርሳውድና ባልደረቦቹ ያልታተመውን የሙከራ ሰነድ አግኝተው በ2018 እንደገና ሲመረምሩት ልዩነቱ ለታማሚዋ ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም አሉ። እኔ ሁለቱንም ወገን አክብሬ እይዛለሁ፦ ክኒኑ ጽንስ አይጎዳም የሚለው በብዙ መቶ ሺህ እርግዝናዎች የተደገፈ ነው፤ የማስታገስ ኃይሉ ግን መጠነኛ ነው። ለአንዷ ጥሩ እፎይታ ይሰጣል፣ ለሌላዋ ምንም ላይሠራ ይችላል። ያልሠራላት ሴት ተመልሳ ስትመጣ ሌላ መድኃኒት የሚሞክርላት እንጂ በቃ ቻይው የሚላት ሐኪም አያስፈልጋትም።

ጉዳዩ ለእኛ ሴቶች

በኢትዮጵያ ይህ ሕመም ከጤና ባለሙያ ዓይን የሚያመልጥበት የራሱ ምክንያት አለ። እርግዝና በመጀመሪያዎቹ ወራት አይወራም፤ ሆዱ ሳይገፋ መናገር አይወደድም። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል፤ ከእኛ እናቶች ብዙዎቹ ግን ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ከአራተኛው ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ማቅለሽለሹ በሚበረታበት ጊዜ ምክር የሚሰጡት ጎረቤት፣ እናትና አማት ናቸው፤ አዋላጇ ነርስ ስታያት ሕመሙ አልፏል፣ ወይም ሴቷ ከስታና ደሟ አንሶ ትገኛለች። የወር አበባ እንደቀረ መሄድ፣ ለሌላ ሰው ባይነገር እንኳ ለአዋላጅ መንገር፣ ከማንኛውም ክኒን የሚቀድም እርምጃ ይመስለኛል።

የቤቱ መድኃኒት ከሞላ ጎደል ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ለማቅለሽለሽ ዝንጅብል፣ ካሞሚል የተባለው የአበባ ሻይ፣ ቫይታሚን ቢ6 ወይም አኩፓንክቸር የሚባለው በቀጫጭን መርፌ የሚሰጥ ሕክምና ሴቷ እንደ ምርጫዋ ልትጠቀም እንደምትችል ይገልጻል፤ በጥናቶች የተሞከረው የዝንጅብል መጠን በቀን 1 ግራም ገደማ የደረቀ ነው። ከአልጋ ከመነሣት በፊት ትንሽ ደረቅ ነገር፣ ዳቦ ቆሎም ሆነ ብስኩት፣ መቅመስ፣ ሆድን ባዶ አለማድረግ፣ ጥቂት ጥቂት እየደጋገሙ መብላት፣ ውኃውን ከምግቡ ለይቶ በጉንጭ በጉንጭ መጠጣት ብዙዎችን ያግዛል። ወጡን ሌላ ሰው ቢሠራላት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ይረዳታል፤ ይህ የባልና የቤተሰብ ድርሻ ነው። የምትጾም ሴት የንስሐ አባቷን ብታማክር ለነፍሰ ጡር የሚሆን ፈቃድ እንዳለ ይነግሯታል፤ ብዙ ሴቶች ፈቃዱ እያለ የሚጾሙት ሳይጠይቁ ነው።

ከዕፅዋት ግን ሁሉም እንደ ዝንጅብል አይደለም። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ነፍሰ ጡሮች ከዝንጅብል ሌላ ዳማ ከሴ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም እንደሚጠቀሙ ያሳያሉ። ጤና አዳም ማህፀንን የማኮማተር ባሕርይ ስላለው በብዙ አገሮች ጽንስ ለማስወረድ ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው፤ ነፍሰ ጡር ብትርቀው ይሻላል። ቤንደክቲንን በጥርጣሬ ብቻ የጣለ ፍርሃትና፣ ተክል ነው ተብሎ ምንም ሳይጠየቅ የሚወሰድ ነገር፣ ሁለቱም ማስረጃን ሳያዩ የመወሰን ልማድ ናቸው።

ከክትትሉ የሚሰጠው የብረት ክኒን ማቅለሽለሹን ሲያብስባት ደብቃ የምትጥል ሴት ብዙ ናት። ከመጣል ይልቅ መናገር ይሻላል፤ ማታ ከምግብ ጋር ማድረግ ወይም ሕመሙ እስኪቀል ፎሊክ አሲዱን ብቻ ማስቀጠል ይቻል እንደሆነ ባለሙያዋ ትወስናለች። ቃር የሚያስቸግራትና ማስታገሻ የምትወስድ ሴትም ማስታገሻውን ከብረቱ ክኒን በሁለት ሰዓት ታራርቀው፤ አንድ ላይ ከወሰደቻቸው ብረቱ ወደ ደም መግባቱ ይቀንሳል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በብሪታንያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ዶክሲላሚንና ቫይታሚን ቢ6ን በስም ጠርቶ ሐኪምን መጠየቅ ይቻላል፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ መኪና የምትነዳ ሴት ይህን ማወቅ አለባት።

ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ ቀን ውኃ በሆድ አለመርጋት፣ ሽንት ማነስና መጥቆር፣ ሲቆሙ ዓይን መጨለም፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም። ከዘጠነኛው ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ማስመለስ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። በየክሊኒኩ ግሉኮስ የሚሰቀልላት፣ ለሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስታስመልስ የቆየች ሴት ደግሞ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለባት፣ ካልቻለችም አብሯት የሄደው ሰው ይጠይቅላት፦ ከግሉኮሱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 ተሰጥቷታል ወይ? ቢ1 ባለቀበት ሰውነት ውስጥ ግሉኮስ ቀድሞ ሲገባ አንጎልን የሚጎዳ፣ ዓይንን የሚያንሸዋርር፣ አረማመድንና ማስታወስን የሚያዛባ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ ቢ1ን አስቀድሞ መስጠት ይህን ይከላከላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።